ወፍ አንሺዋ አስካለ

ብርሃኑ የደወለልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በእኛ ዕድሜ ስልክ የሚደወለው ወይ ለመርዶ ወይ የመድኃኒት ስም ለመጠየቅ ስለሆነ፣ ገና ጉሮሮውን ሲጠራርግ ነገሩ ገባኝ።

"አስካለ አረፈች" አለኝ።

"ምን አግኝቷት?"

"ሰማንያ አራት ዓመት።"

እሱ አለቀሰ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ። ዓይኔ ላይ የተደቀነው ሬሳዋ አይደለም። ወገዳ ላይ፣ ከቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ታጥቃ፣ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ አተነፋፈስህ ወፏን ሊያባርርብኝ ነው፤ ትንሽ ቆይተህ ተንፍስ!" ስትለኝ ነው የታየችኝ።

ነገሩ የጃንሆይ ዘመን ነው። ሦስታችንም ገና ሃያዎቹን ሳናጋምስ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ላይ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ነበርን። ብርሃኑ ቁስል አጥቦ የሚያስር የክሊኒኩ ድሬሰር ነበር። መርፌ ስለሚወጋ አገሩ ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን "አይደለሁም" ብሎ አያውቅም። እኔ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። አስካለ ደግሞ የባልትና መምህርት ነበረች።

የባልትና መምህርትነቷ ራሱ ቀልድ ነው። እንደ እሷ ሽሮ የሚያሳርር ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። ግን አታፍርም። ሴት ተማሪዎቿን በድስቱ ዙሪያ ትሰበስብና፣ "ይኸውላችሁ ልጆች፣ ያረረ ሽሮ የሚባለው ይህ ነው። አይታችኋል? በሉ እንዲህ አታድርጉ" ብላ ክፍለ ጊዜውን ትጨርሳለች። ልጆቹ በፈተና ከአውራጃው ሁሉ ይበልጡ ነበር።

ልቧ ያለው ወፍ ላይ ነው። ወንድሟ ባሕር ኃይል ስለነበር ከምጽዋ ሲመጣ አንድ ካሜራና አንድ ሱሪ ሰጥቷት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ለሜዳ መዞር ሆነ ሥራዋ። ካሜራው እንደ ዛሬዎቹ ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳ አይደለም፤ ወፉ ዘንድ መድረስ ያለባት ራሷ ናት። ስለዚህ ቁጥቋጦ ሥር ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ድንጋይ መስላ ትቀመጣለች። ወፉ ሲለምዳት ግራ ዓይኗን ትጨፍንና የምላሷን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፤ ከዚያ ቀጭ! ወዲያው "ገባ!" ትላለች፣ ዘራፊ ጎተራ የገባ ይመስል።

አባባሎችም ነበሯት። ከሁሉ የማልረሳው "ጅራቱን ሳታይ ስሙን አትጥራ" የሚለውን ነው። ለወፍ ያወጣችው ሕግ ነው፤ ለሰውም ትጠቀምበት ነበር። አዲስ ዲሬክተር ተሹሞልን ሲመጣ፣ ሁላችንም "እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!" ስንል እሷ ብቻ፣ "ቆዩ እስቲ፣ ጅራቱን አላየንም" አለች። በሁለተኛው ወር ዲሬክተሩ ስለ ሁላችንም ወደ በላይ የሚጽፈው ደብዳቤ ተገኘ። አስካለ ቀና ብላም አላየችን። "ረጅም ነው" አለች፣ ስለ ጅራቱ።

ውድድሩ የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። አንድ እሑድ ከክሊኒኩ ደጅ ጠላ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ጣራው ላይ አንድ ወፍ አረፈ። ብርሃኑ ጭልፊት ነው አለ። አስካለ ጭላት ነው አለች። እሱ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እሷ ከፍ አደረገች፤ ወፉ ሁለቱንም ታዝቦ ሄደ።

"ፎቶ አንስታችሁት ቢሆን አሁን አትጨቃጨቁም ነበር" አልኩ፣ ለመገላገል ብዬ።

አፌን በቆረጠው! ብርሃኑ በወሩ አዲስ አበባ ካለ ዘመዱ ካሜራ አስመጣ። "እሷ ካላት እኔስ ከማን አንሼ?" ነው ምክንያቱ። ከዚያ ተወራረዱ። ከመስከረም ጥባት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብዙ ዓይነት ወፍ አንስቶ ስሙን የለየ ያሸንፋል። የተሸነፈ በዘመን መለወጫ ገበያ፣ መሃል ላይ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እንደ አውራ ዶሮ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ስድስት ፊልም ነው። ፎቶው ላይ የወፉ ራስና ጅራት መታየት አለበት፤ ስሙንም ሁለት የአገር ሰው መመስከር አለበት። ዳኛ እኔ ሆንኩ። "ሁለታችንንም ስለሚፈራ አያዳላም" አለች አስካለ።

ፊልሙ በነጋዴ እጅ ጎንደር ድረስ ሄዶ ታጥቦ የሚመለሰው ከወር በኋላ ነው። የብርሃኑ የመጀመሪያው ፊልም ሲመጣ ሦስታችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰብን። አንዱን ፎቶ አነሳሁ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ግንደ ቆርቁር" አለ ብርሃኑ።

"የታል?"

"አሁን በርሮ ነው።"

አስካለ ፎቶውን ተቀብላ በደንብ አየችው። "ግንዱን አግኝተኸዋል፤ ቆርቁሩ ነው የቀረህ" አለችው። በዚያ ፊልም ላይ ከነበሩት ሠላሳ ስድስት ፎቶዎች ወፍ ያለበት አራቱ ብቻ ነበር። የቀሩት የስማዳ ቅርንጫፎች ናቸው።

ከማንሳቱ ይልቅ ስሙን ማግኘት ያስቸግር ነበር። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ ስሙም እንዳገሩ ነው ለካ። ስማዳ አንድ ስም ያለው ወፍ፣ ታች ጋይንት ሲደርስ ሌላ ይሆናል። አስካለ ፎቶዎቿን በመሀረብ ጠቅልላ አርብ ገበያ ድረስ ትሄድና ገበሬዎቹን እየዞረች ትጠይቃለች። ፎቶውን ገልብጦ የሚይዝ አለ፤ ከጀርባው ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የሚፈልግ አለ። አንዱ ሰውዬማ ፎቶውን ሲያይ ጮኸ።

"ይቺ ናት! ይቺ ናት ገብሴን የፈጀችው! የት አገኘሻት?"

"ስሟን ያውቁታል አባባ?"

"ስሟን? ሌባ ነው ስሟ!"

ሁለተኛ ምስክር ተገኝቶለት ቢሆን "ሌባ" ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

አስካለ ለማንም አትመለስም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቁን ቁራ አንስታ ለደብራችን ቄስ ወስዳ አሳየቻቸው። "አባ፣ ይዩልኝ እስቲ፣ ይህ ጠምጥሟል። ቅስና ተቀብሎ ነው?" አለቻቸው። እኔ መሬት ብትውጠኝ መረጥኩ። ቄሱ ግን ፎቶውን አራቅ አድርገው አይተው፣ "ልጄ፣ ጥምጣሙስ ያምርበታል። ድምፁን ስንሰማው ግን ለቅዳሴ አይሆንም ብለን መለስነው" አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ።

እስከ ፋሲካ ድረስ አስካለ በብዙ ትመራ ነበር። የፋሲካ ዕረፍት ሲሆን ሦስታችን በቅሎ ተውሰን ወደ እስቴ ተሻገርን። እዚያ አንዲት ደብር ዐጸድ ውስጥ፣ ጥዱና ወይራው መሃል፣ ሶሪት አለች ተብለን ነው። ሶሪት ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፤ ስትበር ግን ከክንፏ ሥር እሳት የመሰለ ቀይ ይወጣል። አስካለ ዓመቱን ሙሉ "ክንፏን ከፍታ ነው የማነሳት" ስትል ነበር። ደረስን፤ ከንጋት ጀምራ ዛፍ ሥር ተጋደመች፤ ወደ ረፋድ ላይ ሶሪት ከነክንፏ ተገለጠች፤ "ገባ!" የሚለውም ድምፅ ተሰማ። ፊቷ ላይ ያን ቀን ያየሁትን ደስታ ሙሽሮች ላይም አላየሁም። በዚያው ፊልም ላይ ከመንገድ የለቀመቻቸው ሌሎች አሥራ አንድ አዳዲስ ወፎች ነበሩ።

ጉዱን ያመጣው ብርሃኑ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ፎቶው ስለሚደበዝዝበት፣ ለካሜራው ማቆሚያ ባለሦስት እግር እንጨት አናጺ አሠርቶ ነበር። ከዐጸዱ ውጭ ሜዳው ላይ ተክሎት በአንድ ዓይኑ ወደ ማሳው እያጮለቀ ሳለ ገበሬዎች ከበቡት። በዚያን ጊዜ መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆት ነበር። ባለሦስት እግር ነገር ተክሎ የሚያጮልቅ ሰው ደግሞ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኛ ሮጠን ስንደርስ እጁን በጠፍር አስረውታል።

"ምን እየለካህ ነው?" ይለዋል ምንሽር ያነገተ አንድ ጎልማሳ።

"ኧረ እኛ ወፍ ነው የምናነሳው!"

"ወፍ ታነሳላችሁ? ወፍ ራሷ ትነሳ የለም እንዴ!"

"ማለቴ . . . እንቆጥራለን።"

ይህን ባይል ይሻል ነበር። ከመሃል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ወጡ። አቶ እንየው ይባላሉ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። "ቆጥራችሁስ? እሷንም ግብር ልታስከፍሏት?" አሉ።

ማንም አልሳቀም። ጎልማሳው ባለሦስት እግሩን በጉልበቱ ሰበረው። ካርታው የት ነው ተባልን። የለም አልን። አንዱ ወደ አስካለ ካሜራ ጠቆመና፣ "ካርታው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስታስገባበት አይቻታለሁ። 'ገባ!' ስትል ሰምቻለሁ" አለ። ሌላው ደግሞ ለለኪ መድኃኒቱ ገደል ነው ብሎ ብርሃኑን በጠፍሩ መጎተት ጀመረ። ገደሉ ሩቅ አልነበረም።

አስካለ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

"አባባ፣ ካርታ አለ የሚሉት እዚህ ውስጥ ነው?"

"ነው ይላሉ።"

"ይጠጉ፣ ይዩ።"

ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ ያለበት ሁሉ እንደሚጠፋ እያወቀች፣ ካሜራውን በዚያ በጠራራ ፀሐይ ከኋላው ከፈተችው። ፊልሙን እንደ ዶሮ አንጀት ጎትታ ጎትታ አወጣችና በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረችው። አቶ እንየው ወደ ፀሐይ አንስተው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ለጎልማሳው ሰጡት፤ እሱም አየ።

"ባዶ ነው" አሉ።

"አዎ አባባ" አለች አስካለ። "አሁን ባዶ ነው።"

ብርሃኑን ፈቱት። ሽማግሌው አፈሩ መሰለኝ፣ ቤታቸው ወስደው በግድ አሳደሩን፤ የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ ሥጋውም ጠላውም ሞልቶ ነበር። አስካለ እንደ ሁልጊዜዋ ስትቀልድ፣ ስታስቅ አመሸች። ግን ከመብላታችን በፊት ለብቻዋ ከወይራው ጀርባ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። እኔ ብቻ ነኝ ያየኋት።

በማግስቱ ልንነሳ ስንል ሶሪት መጣች። ከራሳችን በላይ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ፣ ስማችንን የምታውቅ ይመስል ወዲያ ወዲህ አለች። አስካለ ሌላ ፊልም አልያዘችም። ብርሃኑ ኪስ ውስጥ አንድ ያልተነካ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ካሜራውን አውጥቶ፣ ለአንድ ጊዜ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ አነሳት። ያን ጊዜ አስካለ በእሱ ፈንታ "ገባ!" አለችለት። እኔ ዳኛ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዳኛ ባልሆንም ዝም የምል ይመስለኛል፤ በዚያ ዕድሜዬ ደፋር አልነበርኩም።

ክረምት ሳይገባ ከጠፉባት አሥራ ሁለት ወፎች የምትችለውን ያህል እየሮጠች መልሳ አነሳች። ሶሪት ግን ቀረች፤ ክረምቱ ደረሰና ወንዙ ሞልቶ እስቴ መሻገር አልተቻለም። ጳጉሜን ሲገባ ፎቶዎቹን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ደርድሬ ቆጠርኩ። አስካለ ሰባ፤ ብርሃኑ ሰባ አንድ። የብርሃኑ የመጨረሻዋ ፎቶ ጉጉት ነበረች። በቀን ብርሃን ከቅርብ የተነሳች፣ ላባዋ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ዓይኗን የከደነች ጉጉት። ጉጉት ቀን ትተኛለች ብዬ አለፍኳት። አስካለ ያችን ፎቶ ብቻ ለብቻዋ ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ ቆየች። ተመልሳ መጥታ ቦታዋ አኖረቻት።

"ቆንጆ ጉጉት ናት። ተሸንፌያለሁ" አለች።

የዘመን መለወጫ ገበያ ማለት የዶሮ ገበያ ነው። አውራ ዶሮው እግሩን ታስሮ በየሰዉ ብብት ሥር ተወትፏል። አስካለ ሱሪዋን ታጥቃ ከድንጋዩ ላይ ወጣች። ሰዉ ምን ልትናገር ነው ብሎ ጸጥ አለ። እሷም አንገቷን አሰገገችና "ኩኩሉ!" ብላ ለቀቀችው። ድምፁ እውነተኛ ስለነበር ገበያው ውስጥ ያለ አውራ ዶሮ ሁሉ በአንድነት መለሰላት። ሁለተኛውን ስትጮኽ ሴቶች እልል አሉ። ሦስተኛውን ከመጮኋ በፊት ግራዝማች ዳኘው፣ የአገሩ ባላባት፣ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ተናገሩ።

"ሴት ዶሮ ስትጮኽ ቢላ ይሳላል!"

አስካለ ከድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። "እውነትዎን ነው ግራዝማች። ግን ቢላ ሲሳል የሚያልቁት ወንዶቹ ናቸው። ገበያውን ይዩት።"

ሰዉ በየብብቱ ያለውን ዶሮ አየ። ከዚያ የተሳቀው ሳቅ ግራዝማቹን ከገበያው አስወጣቸው። አስካለም ሦስተኛውን ጮኸች።

በጥቅምት ደብዳቤ መጣ። "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ወደ ደቡብ፣ ሞቃት ቆላ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛውራለች ይላል። ግራዝማቹ ሴት ልጆችን ታባልጋለች ብለው ማመልከታቸውን ሁላችንም አወቅን። እሷ ደብዳቤውን አንብባ አጠፈችው። "ሐይቅ ዳር ነው የላኩኝ" አለች። "ለቅጣት! እነዚህ ሰዎች የውሃ ወፍ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰሙም።"

የምትሄድ ዕለት ጓዟ ተጭኖ፣ እኔና ብርሃኑ እስከ ከተማው ዳር ሸኘናት። ብርሃኑ ልንሰነባበት ስንል የበቅሎዋን ልጓም ያዘ።

"አስካለ፣ ጉጉቷ ሞታ ነበር" አለ።

እኔ ደነገጥኩ። እሷ አልደነገጠችም።

"አንድ በሽተኛ ነው ሞታ አግኝቶ ያመጣልኝ" አለ፣ እንባው እየወረደ። "ቅርንጫፍ ላይ አሰርኳት። ሕይወቴን አትርፈሽልኝ ሳለ . . ."

"አውቃለሁ" አለችው። "እግሯ ላይ ፋሻው ይታያል። ቋጠሮውም ያንተ ነው፤ እኔንም ስታክመኝ እንዲሁ ነው የምትቋጥረው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

አስካለ በቅሎዋ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ስትቀልድ የምታሳየው ፊት አልነበረም።

"አንተ ገበያ መሃል ቆመህ ብትጮኽ በማግስቱ ማን መርፌ ሊወጋ ይመጣል? ሰዉ እየሳቀብህ ወደ ጠንቋዩ ይሄድ ነበር። እኔ ምን አለብኝ፣ ድሮም እብድ ናት ተብያለሁ። ያረረ ሽሮ ላይ ደግሞ ጩኸት ቢጨመር ምን ይሆናል?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ደግሞ፣ ዳኛው፣ መነፅር ግዛ።"

በቅሎዋን ኮለኮለችና ሄደች፤ ዞራም አላየችን። ብርሃኑ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ከክሊኒኩ ደጅ በሽተኛው እንደ ወትሮው ተሰልፏል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ "ዶክተር፣ ኧረ ቀድመው ይዩልኝ" ትለዋለች። ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሟል። "ዶክተር አይደለሁም እናቴ" ሲላት ሰማሁት፤ "ድሬሰር ነኝ። ግን ይምጡ፣ አየዋለሁ።"